የሂውማኒቲስ (ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ፍልስፍናና የመሳሰሉት) ማስተርስና ፒኤችዲ ፈንድ፦ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። የታሪክ ፒኤችዲ ተማሪ ነኝ፣ ሰሞኑን ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ላይብረሪ ነው የምውለው። የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥ፦ ወንድሜ ለኛ ፊልድ ስኮላርሺፕ የለም ይላሉ፣ እውነት ነው?
መ፦ ኧረ አለ! ሰው ቴሌግራም ላይ የተለጠፈውን ብቻ ስለሚያይ ነው። የኛ ዘርፍ ብር ብዙ ጊዜ ያለው ዲፓርትመንቱ ጋ ነው፣ አሜሪካ ደህና ደህናዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለፒኤችዲ ከተቀበሉህ ክፍያ የለም፣ ስታይፔንድም (የመኖሪያ ወጪ) ይሰጡሃል፣ አንተ ደግሞ የተወሰነ ሴሚስተር ታስተምራለህ። ለማስተርስ ፉልብራይትን (አሜሪካ)፣ ኢራስመስ ሙንዱስን (አውሮፓ፣ በወር 1,400 ዩሮ)፣ ቼቭኒንግን (እንግሊዝ) ሞክር። ቼቭኒንግ 2 አመት የስራ ልምድ ይፈልጋል፣ ስትጨርስም 2 አመት አገርህ መቆየት አለብህ። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕን ተወው፣ ለኮመንዌልዝ ማህበር አባል አገሮች ነው፣ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም።

ጥ፦ መምህር ነኝ፣ እድሜዬ 47 ነው። አልረፈደም?
መ፦ ጋሼ በፍጹም። ቼቭኒንግም ጌትስ ኬምብሪጅም (የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ) የእድሜ ገደብ የላቸውም፣ የማስተማር ልምድዎን በደንብ ይጻፉት።

ጥ፦ ግዕዝ የተማርኩት ቅኔ ቤት ነው፣ ሰርተፍኬት የለኝም።
መ፦ አንተማ ትልቅ ነገር ይዘሃል! ጀርመን ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል አለ፣ ካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም ግዕዝ ይሰጣል። ግን "ግዕዝ እችላለሁ" ብለህ አትለፈው፣ የትኛውን ድርሳን እንዳነበብክ ጻፍ። ሚኒሶታ ያለው ሂል ቤተመጻሕፍት በማይክሮፊልም የተነሱ የኛን ብራናዎች ኦንላይን በነጻ ያስነብባል፣ ተመዝገብና አንዱን መርጠህ አንብብ፣ የምርምር ጥያቄህን ከሱ አውጣ።

ጥ፦ ስቴትመንቴን (ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን ስለ ራሴና ስለ ጥናቴ የምጽፈውን) ምን ብዬ ልጀምር?
መ፦ እዚህ ጋ ነው ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚወድቀው። በቅርብ ያነበብኩት አንድ ስቴትመንት "ከልጅነቴ ጀምሮ ታሪክ እወዳለሁ" ብሎ ይጀምራል፣ አራተኛው ፓራግራፍ ላይ ግን ልጅቷ ደርግ የፒያሳን የአርመን ሱቆች ሲወርስ እዛ ይሰሩ የነበሩት ሰዎች ምን እንደሆኑ ማጥናት እፈልጋለሁ ትላለች፣ ፒያሳ በ2016 ፈርሶ ሰፈርተኛው ተበትኗልና ሽማግሌዎቹ አሁን ካልተጠየቁ አይገኙም ትላለች። በቃ እሱን ወደ ላይ አውጪው አልኳት። ኮሚቴው ማየት የሚፈልገው ጥያቄሽን፣ ለምን አሁን እንደሆነና ለምን አንቺ እንደምትሰሪው ነው።

ጥ፦ አፕሊኬሽን ፊ በዶላር ነው፣ ካርድ የለኝም
መ፦ ፊ ዌቨር (ክፍያውን እንዲተዉልሽ) ጠይቂ፣ ለአድሚሽን ቢሮው አጭር ኢሜይል ይበቃል። የአሜሪካ ዴድላይን አብዛኛው ከህዳር መጨረሻ እስከ ታህሳስ መጀመሪያ ስለሆነ ጥቅምት ላይ ጻፊላቸው፣ ሪኮመንዴሽን የሚጽፉልሽን መምህራንም ያኔውኑ ያዢ፣ ፕሮፖዛልሽንም አብረሽ ላኪላቸው፣ አለዚያ ለሁሉም ተማሪ የሚጽፉትን ነው የሚጽፉልሽ።