ፒኤች በወረደ ቁጥር ባፈር አትጨምር

ሜሪላንድ የሚኖር አንባቢ የኮራል አኳሪየሙ ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይጨምራል) ከ7.8 አልወጣ ብሎታል። በየቀኑ ባፈር (አልካሊኒቲን የሚያሳድግ ማሟያ) ይጨምራል፣ ለጥቂት ሰዓት ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርዳል። አልካሊኒቲው፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ ግን 12.5 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ) ደርሷል፣ የኮራሎቹም ጫፍ እየነጣ ነው። ምን ላድርግ ይላል።

ወንድሜ፣ ባፈሩን ዛሬውኑ አቁም። ውሃህ አልካሊኒቲ አላነሰውም፣ ተርፎታል፤ የተፈጥሮ የባሕር ውሃ እንኳ 7 ዲኬኤች አካባቢ ነው። ፒኤቹን ቁልቁል የሚጎትተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመስለኛል፣ እሱም የሚመጣው ከቤትህ አየር ነው። በብርዱ ወቅት መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፣ የጋዝ ምድጃው ይነዳል፣ እሁድ ቡና ሲፈላ ደግሞ ሳሎኑ በእንግዳ ይሞላል። የዚያን ዕለት ማታ ፒኤቹን ለካውና እየው።

እኔን ከማመንህ በፊት ግን ራስህ ፈትሽ። ከአኳሪየሙ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቅዳ፣ ደጅ አውጣውና በትንሽ የአየር ፓምፕ ለአንድ ሰዓት ያህል አረፋ አስወጣበት፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሲመለስ ለካው። ወደ 8.2 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ ጣጣው የቤቱ አየር ነው። ንቅንቅ ካላለ መለኪያህን ጠርጥር፣ በ7 እና በ10 ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክለው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ስኪመሩ (ውሃውን በአረፋ የሚያጣራው መሣሪያ) አየር የሚስብበትን ቀጭን ቱቦ በመስኮት ወደ ውጭ አውጣው፣ በቃ። (ጎረቤት ፀረ ተባይ ሲረጭ ግን ቶሎ መልሰው።) ቱቦ ማውጣት ካልተቻለ “ሶዳ ላይም” የተባለ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥ ፍሬ የተሞላ ማጣሪያ ቱቦው ላይ ግጠም፣ ቀለሙ ሲቀየር ትተካዋለህ። ደግሞ ሌሊት 7.9፣ ቀን 8.2 ቢያሳይህ አትደንግጥ፣ መብራት ሲጠፋ መውረዱ ያለ ነው።

አልካሊኒቲውን በችኮላ አታውርደው። ኮራሎቹ ራሳቸው እየተጠቀሙ ይቀንሱታል፣ በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ ባይወርድ ጥሩ ነው። እስከዚያ ማሞቂያውን ከሶኬት ነቅለህ እየው። ነጭ ቅርፊት ከያዘ የጨመርከው ባፈር ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ እዚያ ላይ ደርቋል ማለት ነው፤ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈህ እጠበው። ማግኒዢየሙንም ለካ፣ በሊትር ከ1250 ሚሊግራም በታች ከሆነ ቅርፊቱ ተመልሶ ይመጣል።

አልካሊኒቲው ወርዶ 8.5 ዲኬኤች አካባቢ ሲደርስ እንደገና መጨመር ትጀምራለህ፣ ያኔ ግን በቤኪንግ ሶዳ ፋንታ ሶዲየም ካርቦኔት ይሁን፣ ፒኤቹንም ስለሚያነሳልህ። ጠዋት መብራት ሳይበራ፣ ውሃው በኃይል በሚዞርበት ጥግ፣ ቀስ እያልክ አፍስሰው።