ሽማግሌው ስቲቭ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ «አቬንጀርስ፡ ኤንድጌም»ን ሰሞኑን ከልጆቼ ጋር ደግሜ አየሁት። ኔቡላ ከ2014 የመጣችውን ራሷን ተኩሳ ከገደለች በኋላ እንዴት በሕይወት ቀረች? መጨረሻው ላይስ ስቲቭ ሮጀርስ ሸምግሎ አግዳሚ ወንበር ላይ መገኘቱ ፊልሙ ካወጣው ሕግ ጋር አይጋጭም? ልጆቼ መልስ እየጠበቁኝ ነው። (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የኔቡላን ጉዳይ ብዙ ተመልካች የሴራ ክፍተት አድርጎ ቢቆጥረውም ክፍተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ይህ ፊልም፣ ወደ ኋላ ሄዶ አያቱን የገደለ ሰው ሳይወለድ ይቀራል የሚለውን የቆየ እንቆቅልሽ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት በብሩስ ባነር አንደበት ውድቅ ያደርገዋል፤ ያለፈውን መለወጥ የተጓዡን ዘመን አይነካም፣ ይልቁንም ሌላ የጊዜ ቅርንጫፍ ያበቅላል። ሟቿ የዚያ ቅርንጫፍ ሰው ስለሆነች፣ ገዳይዋ የኖረችው ሕይወት እንዳለ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ እርስዎ ያላነሱት ነው። የጊዜ ጉዞውን የሚያስችለው የፒም ቅንጣት ለእያንዳንዱ ጀግና ከአንድ ደርሶ መልስ እንደማያልፍ የነገረን፣ ቅንጣቱ አንሶም ቶኒ ስታርክንና ስቲቭን እስከ 1970 የኒው ጀርሲ የጦር ሰፈር የላከ ፊልም፣ ባላንጣቸው ታኖስ ከነግዙፍ መርከቡና ከነሠራዊቱ ወደ 2023 ሲሻገር ቅንጣቱ ከየት እንደበዛ አያስረዳም። ይህ በእርግጥም ክፍተት ነው።

ወደ ስቲቭ ስንመለስ፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ጸሐፊዎቹ ክሪስቶፈር ማርከስና ስቲቨን ማክፊሊ ስቲቭ ከፍቅረኛው ከፔጊ ካርተር ጋር የኖረው በዚሁ በዋናው ጊዜ ውስጥ ነው ሲሉ፣ ዳይሬክተሮቹ አንቶኒና ጆ ሩሶ ደግሞ በሌላ ቅርንጫፍ ኖሮ ተመለሰ ይላሉ። የጸሐፊዎቹ ሐሳብ፣ በመጓጓዣው መድረክ ላይ ሳይታይ ወንበሩ ላይ የተገኘበትን ምክንያት በቀላሉ ያስረዳል፤ ነገር ግን ወዳጁ ባኪ በጠላት እጅ ወድቆ ነፍሰ ገዳይ ሲደረግ፣ ስቲቭ ይህን እያወቀ ለአሥርተ ዓመታት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ ብለን እንድናምን ያስገድደናል። የጊዜን ሕግ መጠገን ይቻላል፤ የሰውየውን ጠባይ ማፍረስ ግን ከባድ ነው፤ ስለዚህ እኔ ከዳይሬክተሮቹ ጋር ነኝ። ለልጆችዎ አንድ ነገር ያሳዩልኝ፦ የስቲቭ ጋሻ በመጨረሻው ውጊያ በታኖስ ሰይፍ ተሰባብሯል፤ ሽማግሌው ለጓዱ ለሳም ያስረከበው ጋሻ ግን ሙሉ ነው።