ጀልባ የተንሳፈፈበት ግቢ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ ቤት ሠርተን ከገባን ዓመት አልሞላንም፤ ትንሽ ግቢ አለችን። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያና ካሮት ተከልኩ። አንድ የአቮካዶና አንድ የአፕል ችግኝም ገዛሁ። ሁሉም ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ጠወለገ። ጠዋትና ማታ ባጠጣም፣ ዩሪያ ብጨምርም አትክልቱ አልተረፈልኝም፤ የሁለቱ ችግኞች እንጨት ብቻ ቆሟል። ደስ ያላቸው ልጆቹ ናቸው፤ ዝናብ ባባራ ቁጥር እዚያው መደቡ ላይ የወረቀት ጀልባ ሲያንሳፍፉ ከረሙ። ባለቤቴ “እጅሽ አያበቅልም” ይለኛል። ለጀማሪ የሚቀል አትክልትና ፍራፍሬ የትኛው ነው? (ጀማሪዋ፣ ከአባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃዎ። እጅዎ ምንም አልሆነም፤ ይህንን ለባለቤትዎም ያንብቡላቸው።

ነገሩን የነገረችኝ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት የልጆቹ ጀልባ ናት። ዝናቡ ካባራ በኋላ ወረቀት የሚያንሳፍፍ ውሃ ከተኛ፣ ከሥር ያለው አፈር ውሃ አያሳልፍም ማለት ነው። “አዲስ ቤት” ያሉትን ከዚህ ጋር ሳገናኘው ግቢዎ ቁጭ ብዬ እያየሁት ያለሁ ይመስለኛል። ታች ዋልካ ነው፤ በላዩ በገልባጭ መኪና የተደፋ ገረጋንቲ፣ የብሎኬት ስባሪና የደረቀ ስሚንቶ አለ፤ ቤቱ እስኪያልቅ ድረስ ሠራተኛውም ጋሪውም ረግጦታል። የጣሪያው አሸንዳ ደግሞ አፉን ወደ ግቢው ያዞረ ይመስለኛል። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1000 ሊትር ውሃ ነው፤ የሐምሌን ዝናብ ደግሞ ለባሕር ዳር ሰው አልነግርም።

በሽታም ተባይም ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ካሮትና አቮካዶ ምን አገናኛቸው? የማይዛመዱ ተክሎች በአንድ ክረምት በአንድ ዓይነት ምልክት ከተያያዙ እኔ የምይዘው አፈሩን ነው።

ሥር ይተነፍሳል። በአፈሩ መካከል ያለችው ክፍተት ውሃ ስትሞላ አየር የለም፤ ሥሩ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይጠወልጋል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣዎት፤ እርስዎን ብቻ ሳይሆን በየግቢው የማገኘውን ሰው ሁሉ። ቅጠል ጠውልጎ በታየ ቁጥር ጆግ ይዞ መሮጥ ምንድን ነው? ያውም በነሐሴ፣ ሰማዩ ራሱ እያጠጣ! ዩሪያውማ ትን ላለው ሰው እንጀራ እንደ ማጉረስ ነው። ከእንግዲህ ከማጠጣትዎ በፊት ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ይስደዱ። እርጥበት ከተሰማዎት ጆጉን ያስቀምጡት።

ወቅቱም አልነበረም። ወደ ፎገራ ወረድ ብለው ቢያዩ፣ ገበሬው ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ ሩዝ ይዘራል፤ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን የሚያመጣው ውሃው ከሸሸ በኋላ በመስኖ ነው። ቲማቲም በክረምት ከተተከለ ሥሩ ቢተርፍ እንኳ ቅጠሉን እሳት እንደ ነካው የሚያጠቁረው በሽታ አይምረውም።

እንግዲህ ምን ይተከል ከማለታችን በፊት የት ይተከል እንበል። ግምቴን ይፈትኑት። አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩና ማታ በውሃ ይሙሉት። ውሃው ከሰረገ በኋላ እንደገና ሞልተው ይደሩ። ጠዋት ውሃ ካገኙ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ጠፍቶ ካገኙት ይጻፉልኝ፤ ሌላ ነገር እንፈልጋለን።

መፍትሔው ከፍ ያለ መደብ ነው። አፈሩን ማዳን አይችሉም፤ ገረጋንቲውን ልቆፍረው ካሉ ወገብዎ ነው የሚቀጣው። ይተዉትና ከላዩ ይሥሩ። ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ይሁን፤ ከሁለቱም ወገን እጅዎን ዘርግተው መሃሉን መንካት አለብዎት፣ ምክንያቱም መደቡ አንዴ ከተሠራ በኋላ እግር አይረግጠውም። ልጆቹን አደራ! ርዝመቱ ለመጀመሪያው ዓመት 3 ሜትር ይበቃል። ግቢውን በሙሉ ካልያዝኩ ብለው የጀመሩ ሰዎች ኅዳር ላይ አረም ሲያዩ ነው የሚተዉት። ከፍታው ወደ 30 ሴንቲ ሜትር። ለዳሩ ብር አያውጡ፤ ከግንባታው የተረፈ ብሎኬት፣ ድንጋይ፣ የባሕር ዛፍ አጣና ካለ ይበቃል። ስባሪ ብሎኬት ለዳር ይሆናል፤ የስሚንቶ ፍርፋሪ ግን አፈሩ ውስጥ አይግባ።

አፈሩን ከመድፋትዎ በፊት ታችኛውን በዶማ እዚህም እዚያም ሰንጠቅ ሰንጠቅ ያድርጉት፤ እንደ ገበቴ ውሃ እንዳይይዝ። ከዚያ የችግኝ ጣቢያ ሰዎች የሚያውቁት ልክ አለ፦ 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ። ለዚህች መደብ በ20 ሊትር ባልዲ 22 አፈር፣ 15 ፍግ፣ 8 አሸዋ ገደማ ነው። አፈሩ ቀዩ ይሁን፤ ዋልካን በትንሽ አሸዋ ካቦኩት ሲደርቅ ሸክላ ነው የሚሆነው። ፍጉ ደግሞ እጅዎ ላይ ሲፈረፈር አፈር አፈር የሚሸት እንጂ እበት እበት የሚሸት አይሁን። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ አረምም ይዞ ይመጣል። የሚያውቁት ከብት አርቢ ካለ፣ ከክምሩ ሥር ያለውን አሮጌውን ይለምኑት፤ አብዛኛው ሰው ይውሰዱልኝ ነው የሚለው።

በመደቡ ዙሪያ አንድ ስንዝር የምትጠልቅ ቦይ ይቅደዱና ወደ ውጭ ያስወጧት። አሸንዳውንም ዘወር ያድርጉት። የጎረቤት ዶሮ የሚገባ ከሆነ እሾህ ቢጤ ይጠሩበት፤ ዶሮ አዲስ መደብ ሲያይ ድግስ የተጠራ ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር ደግሞ ቤትዎ ውስጥ አለ። ለእንቁጣጣሽ የጎዘጎዙት ቄጤማ ደርቆ ሊጣል ነው አይደል? እንዳይጥሉት። ዘር ያፈራውን አናት ቆርጠው፣ ችግኞቹ ከያዙ በኋላ በመካከላቸው ጎዝጉዙት፤ ግንዱን ግን አያስነኩት። ዝናቡ ሲያቆም ፀሐዩ አፈሩን እንዳያደርቀው ያግዛል፣ አረሙንም ያፍናል።

አሁን ወደ ጠየቁኝ። ቆስጣና የሐበሻ ጎመን። ሌላ የለም፣ ለአሁኑ። እንደ ጀማሪ እጅዎ የሚፈታው ቶሎ የሚበላ ነገር ሲያዩ ነው፤ ቆስጣ በ2 ወር ገደማ ወጥ ውስጥ ይገባል። ዘሩን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያሳድሩት፣ በ2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ይዝሩት። ዘር የመሰለችው ጎርባጣ ነገር የብዙ ዘር እጅብ ናት፤ ከአንድ ቦታ ሦስትም አራትም ቡቃያ ሲወጣ አይገረሙ። ጠንካራውን አስቀርተው ሌላውን በጥፍርዎ ይቁረጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይራራል፤ ራርቶም ሁሉንም ያቀጭጫል። ጎመኑን በችግኝ ይግዙ፣ አመሻሽ ላይ ይትከሉት። ሲደርስ ከሁለቱም የውጩን ቅጠል ብቻ እየቀነጠሱ ልቡን ይተዉለት፤ እንደዚያ ከያዙት ለወራት ያበላዎታል። በበጋ የጎመኑ ቅጠል ሥር ክሽክሽ የሚባለውን ጥቃቅን ተባይ ካዩ በውሃ አጥበው በጣትዎ ያርግፉት፤ ለአንድ መደብ ጎመን መድኃኒት አይግዙ። ቲማቲሙን ከወደዱት ችግኙን ጥቅምት ላይ አፍልተው ኅዳር ላይ ያዛውሩ። ካሮቱ ለከርሞ ይቆይ።

ከፍራፍሬ ፓፓያ እላለሁ። የባሕር ዳር ሙቀት ይስማማዋል፤ ከተከሉት በዓመት ገደማ ፍሬ ያሳያል፤ ማንጎ ከዘር ተክለው ከሚጠብቁ ልጆቹ ትዳር ይይዛሉ። ችግሩ፣ ወንድ ፓፓያ አለ፤ ሲያብብ ከርሞ አያፈራም። ስለዚህ ዘሩን ከገበያ ከሚገዙት ሞላላ ፍሬ ያውጡ፣ ከድብልብሉ አይደለም። ሞላላው ወንዴና ሴቴ በአንድ አበባ ካለው ዛፍ የሚገኝ ነው፤ የእንዲህ ያለው ዘር ወንድ አይሆንብዎትም ለማለት ይቻላል፣ በእርግጥ ያቺ አበባ በጎረቤት ወንድ ካልተዳቀለች። ዘሩን የሸፈነው ልጋግ ብቅለት ይከለክላል፤ በአመድ አሽተው ይጠቡት፣ ጥላ ላይ ያድርቁት፣ አፈር በሞሉት ትንሽ ላስቲክ ዘርተው ችግኝ ያፍሉት። ፓፓያም የተኛ ውሃ ጠላቱ ስለሆነ የራሱን ጉብታ ይሥሩለት።

የቆሙትን ሁለት እንጨቶች በተመለከተ፣ ግንዳቸውን በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ካዩ ነፍስ አለው። አቮካዶው አረንጓዴ ከሆነ ከነአፈሩ አንሥተው 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ጉብታ ላይ ያስቀምጡት፤ ዩሪያ እንዳይነካው። አፕሉ ግን ብርድ ካልመታው የማያፈራ የደጋ ልጅ ነው፤ በደንብ ያወቅነው ከጨንቻ ነው፣ ባሕር ዳር ላይ ችግኙን የሚሸጥልዎት ሰው ብርዱን አይሸጥልዎትም። ደብረ ታቦር በኩል ዘመድ ካለዎት፣ ለመስቀል የሚሄድ ሰው ሲያገኙ ሥሩን በእርጥብ ኬሻ ጠቅልለው ይላኩላቸው።