መልስ፣ ስለ አሜሪካ ፉትቦል፦ «ያርድ ብቻ ነው እንዴ ቅጣቱ? ቀይ ካርድ የለም?»

ወንድሜ፣ ካርድ የለም እንጂ መባረርስ አለ። ዳኛው የሚወረውረውን ቢጫ ጨርቅ እንደ ቢጫ ካርድ አትየው፤ ለቀላሉም ለከባዱም ጥፋት እሱው ነው። አላስፈላጊ ኃይል መጠቀም 15 ያርድ፣ ማለትም 14 ሜትር ገደማ ያስቀጣል፤ ኳሱ በዚያ ርቀት ወደ ጥፋተኛው ቡድን ጎል ይጠጋል።

«ያርድ ብቻ» ብለህ የናቅኸው ግን ጨዋታ ይገለብጣል። በጃንዋሪ 2016 ሲንሲናቲ ቤንጋልስ ፒትስበርግን 16 ለ 15 እየመራ፣ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት፣ የሲንሲናቲው ቮንቴዝ በርፊክት የፒትስበርጉን አንቶኒዮ ብራውንን ጭንቅላቱ ላይ መታው፤ 15 ያርድ። ግርግሩ ሳይበርድ የቡድን ጓደኛው አዳም ጆንስ ሌላ ጥፋት ጨመረበት፤ ሌላ 15። ፒትስበርግ ምንም ሳይጫወት 30 ያርድ ተጠግቶ፣ ከ35 ያርድ ኳሱን በጎል ምሰሶዎቹ መካከል መትቶ 18 ለ 16 አሸነፈ። (የሲንሲናቲ ደጋፊ ፊት ይህን እንዳታነሳ!)

በርፊክት በ2019 በሌላ የራስ ምት ለቀሪው የውድድር ዘመን በሙሉ ታግዷል። የአሜሪካ ኮሌጆች ውድድር ሕግ እንዲያውም ይብሳል፤ ራስ ላይ አነጣጥሮ የመታ ወዲያው ይወጣል፣ ጥፋቱ ከእረፍት በኋላ ከሆነ ደግሞ ለዓመታት የሚቀጥለው ጨዋታ የመጀመሪያ አጋማሽም ያልፈው ነበር። ለእኛ ግር የሚለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በተባረረው ቦታ ሌላ ይገባል፣ ቡድኑ ሰው አይጎድለውም።