«የሜዳዋ አህያ» ወይስ «የሜዳ አህያዋ»?

ጥያቄ፦ ስለ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆርጅ ስታብስ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ከሥዕሉ ሥር «የስታብስ የሜዳ አህያ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አይቶ «ሰውዬው አህያ ያረባ ነበር እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ውስጥ ላይ ደግሞ «የሜዳዋ አህያ» ያልኩትን «የሜዳ አህያዋ» በለው አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ በሁለተኛው ጓደኛዎ ልክ ነው። በመጀመሪያው ቀልዱ በዝቷል፤ ግን ነገር አለው።

ከሁለተኛው ልጀምር። «የሜዳ አህያ» ሁለት ቃል ቢሆንም የአንድ እንስሳ ስም ነው። ስለዚህ መሐሉ ምንም አይገባም። «ቆንጆ የሜዳ አህያ» እንላለን እንጂ «የሜዳ ቆንጆ አህያ» አንልም። «-ዋ»ም እንደዚሁ መጨረሻ ላይ ትመጣለች፦ «የሜዳ አህያዋ»፤ ሲበዙ «የሜዳ አህዮቹ»። «የሜዳዋ አህያ» ካሉ ተለይቶ የታወቀው ሜዳው ነው። አህያዋማ እዚያ የምትግጥ የጎረቤት ጭነት ተሸካሚም ልትሆን ትችላለች።

የስታብስ ግን ጭነት አታውቅም። በ1762 እ.ኤ.አ. ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ ከኬፕ፣ በመርከብ ለእንግሊዟ ንግሥት ሻርሎት በስጦታ የመጣች ናት። አብሯት የተጫነው ወንዱ መንገድ ላይ ሞተ። እሷን ለማየት የለንደን ሰው ወደ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ይጎርፍ ነበር፤ የቀልድና የዘፈን መነሻም ሆነች። ስታብስ በ1763 እ.ኤ.አ. ሣላት። ሰውዬው የፈረስን አካል ለማጥናት በእጁ ስንት ፈረስ የበለተ ስለሆነ ዓይኑ አይስትም። ጉሮሮዋ ሥር የተንጠለጠለችውን ቆዳ፣ ከጭራዋ በላይ የተደረደሩትን አጫጭር አግድም መስመሮች፣ ሁሉንም አስቀምጧቸዋል። ዛሬ የእንስሳት ባለሙያ ሥዕሉን ብቻ አይቶ «ይቺማ የኬፕ ተራራ የሜዳ አህያ ናት» ይላል። (ተራራና ሜዳ አንድ ስም ውስጥ መግባታቸው አያስገርምዎ፤ «ሜዳ» እዚህ ዱር ለማለት ነው።) በሥዕሉ ላይ የቆመችው ደግሞ ሜዳም ተራራም ላይ አይደለም፤ የእንግሊዝ ጫካ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዎ ሳቅ። «የ» ብዙ ነገር ትሸከማለች። «የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕል» ሲባል እሳቸው የሣሉት፣ እሳቸውን የሚያሳየው ወይም ቤታቸው የተሰቀለው ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ዐውዱ ይፈታዋል። እዚህ ግን ይበልጥ ይወሳሰባል። አህያዋ የንግሥቲቱ ናት፤ ሥዕሉ የስታብስ ነው፤ ዛሬ ያለው ደግሞ አሜሪካ፣ ኒው ሄቨን፣ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ነው። በዚያ ላይ «የግሬቪ የሜዳ አህያ» የሚባል እኛም አገር የሚገኝ ዝርያ አለ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ አንዱን ልከው፣ በ1882 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንቱ ስም ተሰየመ። ይህን የሚያውቅ አንባቢ «የስታብስ የሜዳ አህያ» ሲያይ ሌላ ዝርያ ቢመስለው አልፈርድበትም።

ስለዚህ ግሥ ያስገቡ፦ «ስታብስ የሣላት የሜዳ አህያ»። «ሥዕል» የሚለውን ከጨመሩ ግሡም ወደ ሥዕሉ ይዞራል፦ «ስታብስ የሣለው የሜዳ አህያ ሥዕል»። «የሣላት የሜዳ አህያ ሥዕል» ስሕተት ነው አልልም፤ ግን መሣሏ ሁለቴ ይነገራል፣ ይንዛዛል። ለሥዕል መግለጫ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። አጭር ነው፣ አህያዋንም ለስታብስ አያወርሳትም።

ጽሑፍዎ ውስጥ «-ን» መምጣቷ ስለማይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የሰው ስም ከፊት ካለ «-ን» እሱ ላይ ታርፋለች፦ «የስታብስን የሜዳ አህያ አየሁ»። ከሌለ ወደ መጨረሻ ትሄዳለች፦ «የሜዳ አህያዋን አየሁ»። «የሜዳዋን አህያ አየሁ» ካሉ ግን ያቺ የጎረቤት አህያ ተመልሳ መጣች ማለት ነው።