በግሪኳ የናክሶስ ደሴት ስለሚደረግ የባሕር ዳርቻ ዕረፍት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከሁለት ትንንሽ ልጆቼ ጋር በኦገስት ወደ ናክሶስ ለመሄድ አስቤያለሁ። ወሩ ይስማማል?

መልስ፦ ወሩን መቀየር የሚችሉ ከሆነ ሴፕቴምበርን ይምረጡ። በጁላይና በኦገስት ግሪኮች ሜልቴሚ የሚሉት ኃይለኛ ነፋስ ከሰሜን እየነፈሰ፣ ሙቀቱን ቢያበርድም፣ አሸዋውን ያነሳል፣ ማዕበሉንም ያበረታል። በሴፕቴምበር ነፋሱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ባሕሩም ወራቱን ሁሉ ሲሞቅ ስለከረመ ለልጆች ይመቻል። ከዚህም በላይ ኦገስት 15 ግሪኮች የእመቤታችንን በዓል የሚያከብሩበት ቀን ስለሆነ፣ በዚያ ሳምንት ማደሪያና የመርከብ ቲኬት ማግኘት ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ለልጆች የትኛው ዳርቻ ይሻላል?

መልስ፦ አጊዮስ ዮርጊዮስ። ውኃው ጥልቀት የለውም፤ ከወደቡ ከተማ ከኾራም በእግር ይደረሳል። አጊዮስ ፕሮኮፒዮስ በአሸዋው ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ ውኃው ቶሎ ስለሚጠልቅ ልጆችን በቅርብ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሚክሪ ቪግላ የሚባለው ዳርቻ በነፋስ ኃይል በሰሌዳ ላይ ለሚንሸራተቱ እንጂ ለሕፃናት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ለጃንጥላና ለመጋደሚያ ወንበር መክፈል ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በግሪክ ዳርቻው የሕዝብ ስለሆነ ፎጣዎን አንጥፈው መቀመጥ ይችላሉ። በ2023 በአጎራባቿ በፓሮስ ነዋሪዎች ዳርቻው በወንበር መያዙን ተቃውመው ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ በ2024 የወጣውም ሕግ ቁጥጥሩን አጥብቋል። ተቃውሟቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ የምንሄደው በፍልሰታ ጾም ነው። ምን እንበላለን?

መልስ፦ የግሪኮች ጾም በኦገስት 1 ይጀምርና በ14 ያበቃል፤ የእኛ ግን ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሚዘልቅ፣ እነርሱ በዓሉን ሲያከብሩ እኛ ገና በጾሙ መካከል እንገኛለን። ምግብ ቤት ሲገቡ «ኒስቲሲሞ» ብለው ይጠይቁ፤ የጾም ምግብ ማለት ነው። ሆኖም ግሪኮች ደም የላቸውም በማለት ኦክቶፐስንና ቀንድ አውጣ መሰል የባሕር እንስሳትን በጾም ስለሚበሉ፣ በእኛ ሥርዓት ለሚጾም ሰው ቃሉ ብቻ አይበቃም፤ በውስጡ ምን እንዳለ ማጣራት ይገባል። ጊጋንቴስ የሚባለው በቲማቲም የተሠራ ትልልቅ ቦሎቄ፣ እንዲሁም የተፈጨ የክክ ምግብ የሆነው ፋቫ ለእኛ አፍ እንግዳ አይሆኑም። የናክሶስ ድንች ደግሞ በመላው ግሪክ የታወቀ ነው።

ጥያቄ፦ የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ቪዛ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ግሪክ እንደ ጀርመን ሁሉ የሼንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ የጉዞ ቀጠና) አባል ስለሆነች፣ ፈቃድዎና ፓስፖርትዎ የጸኑ እስከሆኑ ድረስ በ180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ተጨማሪ ቪዛ መቆየት ይችላሉ። ሁለቱንም ይያዙ።

ጥያቄ፦ ከአቴንስ በመርከብ እንዴት ይኬዳል?

መልስ፦ ከፒሬየስ ወደብ ተራው መርከብ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ፈጣኑ ያሳጥረዋል፤ ነገር ግን በማዕበል ቀን ይበልጥ ይናወጣል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ሜልቴሚው ሲበረታ የወደብ ባለሥልጣናት ጉዞ ያግዳሉ፤ ስለዚህ አውሮፕላንዎ ከሚነሣበት ቀን ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመው ወደ አቴንስ ይመለሱ።