ህንደኬ ሮምን ስትገጥም

ጥያቄ፦ በሐዋርያት ሥራ ላይ የተጠቀሰችው የኢትዮጵያ ንግሥት ህንደኬ አንድ ዓይኗን በጦርነት ያጣች፣ ሮማውያንን የተዋጋች ጀግና ናት የሚል ነገር ፌስቡክ ላይ አየሁ። ወንድሜ ደግሞ «በዚያ ዘመን ሴት ስንቅ ታዘጋጃለች እንጂ ጦር አትመራም» ብሎ ድርቅ አለ። ማናችን ነን ልክ? አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ተረትቷል። ፌስቡኩም ግን ሁለት ሰው አንድ አድርጎብሻል። ህንደኬ በመርዌ ለንግሥቶች የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ከሮም ጋር የተዋጋችው አማኒሬናስ ትባላለች። ጃንደረባው ኢየሩሳሌም የሄደው ከጦርነቱ 50 ዓመት ካለፈ በኋላ ስለሆነ የእሱ እመቤት ሌላ ናት። መርዌም ያለችው ዛሬ ሱዳን በምንለው አገር ነው። ግሪኮች ከግብፅ በታች ያለውን ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ነበር።

ጦርነቱን የጻፈልን ስትራቦ የሚባል ግሪካዊ ነው። ከግብፅ ሮማዊ ገዢ ጋር ወዳጅ ስለነበር ለማን እንደሚያደላ መገመት አያቅትም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ገደማ ይኸው ገዢ ከፊሉን ጦር ይዞ ዓረቢያ ዘመተ። የመርዌ ሰዎች ክፍተቱን አይተው በግብፅ ደቡባዊ ድንበር ያሉትን አስዋንንና ፊሌን ያዙ፣ የአውግስጦስ ቄሳርንም ሐውልቶች ገነደሱ።

አዲሱ ገዢ ፔትሮኒየስ 10 ሺህ የማይሞላ እግረኛና 800 ፈረሰኛ ይዞ መጣ። የጠበቀው 30 ሺህ ሰው ነበር ይላል ስትራቦ። እኔ ይህን ቁጥር በጥርጣሬ ነው የማየው። አሸናፊ የጠላቱን ብዛት አሳንሶ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። የመርዌ ሰዎች የያዙት ከጥሬ የበሬ ቆዳ የተሠራ ትልልቅ ጋሻ፣ መጥረቢያ፣ ጦርና ሰይፍ ነው። ፔትሮኒየስ ለምን እንደወጉት ሲያስጠይቅ «የአውራጃ ሹሞቹ በደሉን» አሉት። አገሩ የሹሞች ሳይሆን የቄሳር ነው ብሎ መለሰላቸው። ለመምከር ሦስት ቀን ጠየቁ። ቀኑ አልፎ ምላሽ ሲጠፋ ገጠማቸው፣ ድል አደረጋቸውም።

ንግሥቲቱ ምርኮኞቹንና ሐውልቶቹን ልመልስ፣ እንታረቅ ብላ ላከች። ፔትሮኒየስ አልሰማትም። ልጇ የነበረባትን የናፓታን ከተማ አፈረሰ፤ ልጁ ግን አመለጠ። ከዚያ ዛሬ ቃስር ኢብሪም በሚባለው ምሽግ 400 ወታደር ከሁለት ዓመት ስንቅ ጋር ትቶ ወደ እስክንድርያ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ወንድምሽ ጆሮውን ያቁም። ህንደኬ ራሷ ብዙ ሺህ ሰው አስከትታ ምሽጉ ላይ ዘመተች። ይህን የጻፈው የጠላቷ ወገን ነው። ሊያሞግሳት ብሎ አይደለም፤ «ወንዳወንድ፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ» እያለ ነው የሚገልጻት። ዓይኗ በጦርነት ጠፋ የሚለው ግን የፌስቡክ ጭማሪ ነው።

«ልመልስ» ካለቻቸው ሐውልቶች የአንዱ ጭንቅላት እዚያው ቀርቷል። በ1910 በፈረንጆች አቆጣጠር ጋርስታንግ የሚባል እንግሊዛዊ መርዌ ላይ ሲቆፍር ከአንድ ቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር አገኘው። የአውግስጦስ የነሐስ ጭንቅላት ነው። የተገጠሙለት የመስታወትና የድንጋይ ዓይኖች እንኳ አልወለቁም። ገቢ ወጪው ሁሉ በቄሳር ራስ ላይ ይረማመድ ነበር ማለት ነው! አሁን ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ይታያል።

ምሽጉ አልተያዘም፤ ፔትሮኒየስ ቀድሞ ደረሰ። መልእክተኞቿ ሲመጡ ጉዳያችሁን ለቄሳር አቅርቡ ቢላቸው «ቄሳር ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝም አናውቅም» አሉት። ሐውልቱን የገነደሱት ሰዎች እኮ ናቸው! አጃቢ ተሰጥቷቸው ሳሞስ ደሴት ድረስ ሄዱ። አውግስጦስም የለመኑትን ሁሉ ፈቀደላቸው፣ የጣለባቸውንም ግብር አነሳ። እኔን ከጠየቅሽኝ ትልቁ ድሏ ይህ ነው። ሮማውያን ከዚያ በኋላ 300 ዓመት ያህል ድንበራቸውን ከታችኛው ኑቢያ (ከአስዋን በስተደቡብ ካለው አገር) ወደ ደቡብ አላሻገሩም። በመጨረሻም እሱንም ትተው ወደ አስዋን አፈገፈጉ።